ጋሼ ተፈራን የገደልኩ ዕለት

«አንቺ ልጅ፣ ከመቱ ድረስ የመጣሽው እኔን ልትቀብሪ ነው?»

እንዲህ ያሉኝ ጋሼ ተፈራ ናቸው፤ ቡሬ አጠገብ ያለ የቡና ገበሬዎች ማህበር ሊቀመንበር። ያሉኝም በሰው ፊት፣ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው። እኔም አፌ አያርፍም፤ «መቅበሩንማ እድሩ ይችልበታል ጋሼ። እኔ የመጣሁት ለመግደል ብቻ ነው» አልኳቸው። ኮሚቴው በሳቅ ፍርስ አለ። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ስለኔ ክፉ ታስባላችሁ። ከነገርኳችሁ በኋላም ታስቡ ይሆናል፤ ግን ቢያንስ አውቃችሁ ታስባላችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ የፈተናው ውጤት ዩኒቨርሲቲ እንደማያስገባኝ ከታወቀ ወዲህ መቱ ውስጥ ያልሞከርኩት ሥራ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ማሽኑ ወረቀት ሲበላ በእርግጫ ስለምቀጣው፣ ባለቤትየው ከእኔና ከማሽኑ ማሽኑን መረጠ። ቀጥሎ መድኃኒት ቤት ገባሁ። አንዲት እናት ለልጃቸው የሚያወፍር ሽሮፕ ሲገዙ «ይሄ ስኳር ነው እትዬ፣ እንቁላል ይግዙለት» አልኩና ከነምክሬ ተሸኘሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አፌ ደግሞ ከእግሬ ይቀድማል። በመጨረሻ ሁለቱንም የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ተገኘ። አማርኛና ኦሮምኛ እኩል የምትናገር፣ ገጠር ለገጠር መዞር የማይሰለቻት ሴት ይፈልጉ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ማህበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ትልቅ አደጋ ቢደርስበት፣ እሳትም ይሁን ጎርፍ፣ ግርግሩ ሲበርድ እንዴት ተነስቶ ሥራውን እንደሚቀጥል አስቀድሞ እንዲያስብበት ማገዝ። የማገገሚያ ዕቅድ ይባላል። ለእናቴ ሳስረዳት ብዙ አሰበችና «ሳይታመሙ ማገገም? ለዚህ ደግሞ ደሞዝ ይከፍላሉ?» አለችኝ።

አለቃዬ አቶ ዮናስ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ትሑት፣ ንጹሕ፣ ጫማው ላይ የመቱን ጭቃ ባየ ቁጥር ዘመድ እንደሞተበት የሚያዝን። ንግግሩን ሁሉ የሚጀምረው «እንበልና» ብሎ ነው።

«እንበልና መጋዘኑ ተቃጠለ» ይላል።

«አይበለው!» ይላል ገበሬው በአንድ ድምፅ።

«እንበልና ወንዙ ሞላ።»

«አይበለው!»

«እንበልና የሂሳብ ሠራተኛው በጠና ታመመ።»

«ምነው አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግንህ?»

እኛ ዘንድ ክፉ ነገር በስሙ አይጠራም፤ ሰምቶ እንዳይመጣ ነው። የአቶ ዮናስ እንጀራ ደግሞ ክፉ ነገርን በየቀኑ በስሙ መጥራት ነው። በመካከል ያለሁት አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እሱ «ተቃጠለ» ሲል እኔ በኦሮምኛ «ከናንተ ይራቅና፣ ለጠላታችሁ ያድርገውና፣ ትንሽ ጭስ ብታዩ» እያልኩ አለሳልስለት ነበር። ኋላ ሰለቸኝ። ተቃጠለ ከተባለ ይቃጠል አልኩ።

የቡሬው ማህበር ዕቅድ የሚያስፈልገው ለወጉ አልነበረም። አምና ለቀማው ሳይገባደድ፣ ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ገንጥሎ ይዞት ሄደ። ቡናው በጆንያ እንደተደረደረ ሰማይ ሥር ቀረ። ሸራ አልነበረም እንዳትሉ። ሸራ ነበር፤ አዲስ ሸራ፣ በሚገባ ታጥፎ፣ በሚገባ ተቆልፎበት። ቁልፉ ጋሼ ተፈራ ኪስ ውስጥ ነው። ጋሼ ተፈራ ደግሞ ኡካ ከተማ፣ ሠርግ ላይ። ታዲያ ሰዉ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? በሩን ገነጠለው? ኧረ የት! «ጋሼ ተፈራ ይቆጣሉ» ብሎ ዝናብ ላይ ተኮልኩሎ ጠበቃቸው። ሲመጡ ቡናውም ሰዉም እኩል ርሷል። ሰዉ በጉንፋን አመለጠ፤ ቡናው ሻገተ። ከዚያ ወዲህ ማህበሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ብዙ አባል ቡናውን ለነጋዴ መስጠት ጀመረ፤ የቀሩትም አንድ እግራቸውን ውጭ አድርገው ነው። ዘንድሮ አንድ እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ ማህበሩ እንደሚበተን ጋሼ ተፈራ ራሳቸውም ያውቁታል። ለእኛ ባይናገሩትም።

አቶ ዮናስ ኡካ ላይ ሌላ ሥልጠና ስለነበረው ቡሬ ብቻዬን ላከኝ። «ዕቅዱ አልቋል፤ የቀረው አንድ መስመር ነው» አለኝ። «ሊቀመንበሩ በማይኖሩበት ጊዜ ሥራውን የሚረከበው ሰው ስም። ስንት ጊዜ ጠይቄያቸው ‹እናያለን› ብቻ ነው የሚሉኝ። እሱን አስጽፈሽ ከመጣሽ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ።»

«ካላስጻፍኩስ?»

«እንበልና…»

«አይበለው!» ብዬው አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው አዳራሽ ተሰበሰበ። አዳራሽ ያልኩት ለክብሩ ነው፤ ግማሹ ማዳበሪያ ተከምሮበታል። ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«መጋዘኑ ቢቃጠል ለገዢው ማን ይደውላል?»

«ጋሼ ተፈራ።»

«የገዢው ስልክ የት ይገኛል?»

«ጋሼ ተፈራ በቃላቸው ይዘውታል።»

«የመፈልፈያው ሞተር ቢበላሽ የጥገና ሰው ማን ያመጣል?»

«እሱንም ጋሼ ተፈራ ያውቃሉ።»

«ጋሼ ተፈራ ባይኖሩስ?»

የማህበሩ ጸሐፊ ገመቹ እጁን አወጣ። ገመቹ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ቁመቱ የሰው ሆኖበት ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ሁልጊዜ ጎንበስ ይላል። ማህተም ሲመታ እንኳ ጋሼ ተፈራን በዓይኑ አስፈቅዶ ነው። «የት ሄደው?» አለኝ፤ ከልቡ ጨንቆት።

ጋሼ ተፈራ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ጥያቄና መልሱን እንደ ጥሩ ዘፈን ያዳምጣሉ። ይሄኔ አፌ ቀደመኝ።

«ጋሼ ተፈራ ሞተዋል!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። «ዛሬ ጠዋት ሞቱ። ውጭ ደግሞ ቡና የጫኑ ገበሬዎች ቆመዋል። አሁን ምን ታደርጋላችሁ?»

መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸው ትንሽ አሰቡና፣ «መልካም፤ ሞቻለሁ» አሉ። «እስቲ ያለኔ እንያችሁ።» ፊታቸውን አየሁት። የሞቱት እኔን ለመርዳት ሳይሆን፣ ጉዳችንን ተቀምጠው ለማየት ነው።

ሸራው በሚቆለፍበት ክፍል ውስጥ ወንበር አስገባሁላቸው። ስልካቸውን ተቀብዬ አጠፋሁት፤ ካላጠፋሁት ገመቹ ለሟቹ ይደውላል። «ሙት አይናገርም፣ አይመክርም፣ በቀዳዳ አያይም» አልኳቸው።

«ሻይስ ይጠጣል?»

«በፔርሙዝ ይመጣልዎታል።»

ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ ረስተውት ሄዱ። ኮሚቴው ባዶውን ወንበርና ባርኔጣውን እያየ አቀርቅሮ ተቀመጠ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ በኦሮምኛ «ጋሼ ተፈራ ሞተዋል፤ ማን ይተካቸው?» አልኩ። ማንም ቀና አላለም። ለካ በዚያች ሰዓት ዘበኛው ኦቦ ዲንቃ ከበር ተመልሰው በመስኮት በኩል ቆመዋል። ያዩት ባዶ ወንበር፣ ባርኔጣና ያቀረቀረ ኮሚቴ ነው። ምን ይፈረድባቸዋል?

ኦቦ ዲንቃ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጨዋ ሰው ደግሞ መርዶ በስልክ አይናገርም። ዳሪሙ ለሚኖሩት ለጋሼ ተፈራ እህት፣ ለእትዬ ብርቄ ደውለው «ተፈራን ትንሽ አሞታል፤ ብቅ ብትይ ጥሩ ነው» አሏቸው። ይኸው ነው። እኛ አገር «ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በይ» ከተባለ ሰውየው አልቆለታል። እትዬ ብርቄ ወደ ወንድማቸው ደወሉ፤ ዝግ ነው። ወደ ገመቹ ደወሉ። ገመቹ ስማቸውን ስልኩ ላይ ሲያይ ፍም የጨበጠ ይመስል ለኔ ወረወረልኝ።

«ልጄ፣ ተፈራ እንዴት ነው?»

«ደህና ናቸው እትዬ።»

«ደህና?»

«በጣም ደህና ናቸው። ምንም አልሆኑም።»

«ወይኔ ወንድሜ!»

«ኧረ ይስሙኝ! በሕይወት አሉ!»

ይሄ የባሰ ሆነ። ስለ ጤነኛ ሰው «በሕይወት አለ» የሚል ማን አለ? «ልምምድ ነው እትዬ! እንበልና ሞቱ ተብሎ…» አልኩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ውስጥ የሚያለቅሱት እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ጎረቤቱ ተጨምሯል።

ስልኩን ይዤ ወደ ሸራው ክፍል በረርኩ። ጋሼ ተፈራ እግራቸውን አነባብረው ሻይ ይጠጣሉ።

«ጋሼ፣ እህትዎ ናቸው! አንድ ቃል ይበሉ!»

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሼ፣ ጨዋታው ቆሟል!»

«ሙት አይናገርም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ያልሽው ራስሽ ነሽ።»

ነገሩ ገብቷቸው ስልኩን እስኪነጥቁኝ መስመሩ ተቋርጧል። ደግመን ብንደውል፣ ብንደውል፣ እምቢ። ኔትወርኩም ሐዘን የተቀመጠ ይመስላል።

ከሸራው ክፍል ስወጣ ግቢው ውስጥ የድንኳን ምሰሶ እየተተከለ ነው። ኦቦ ዲንቃ ለእድሩም ተናግረዋል። እስቲ ፍረዱኝ፤ እኔ ለዚህ አካባቢ ሰው «ፈጣን ምላሽ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚይዝ፣ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ፣ በሥዕል ሁሉ ሳስተምር የከረምኩ ነኝ። ድንኳኑ ተወጠረ፤ አግዳሚው በሰው ትከሻ ገባ፤ ትልልቁ ድስት መጣ፤ ስንዴውና ባቄላው ለንፍሮ ተጣደ። አንድም ሰው «ማን ያድርገው?» ብሎ አልጠየቀም። አንድም ሰው «ጋሼ ተፈራ ያውቃሉ» አላለም። ይህን ያሰብኩት ግን ቆይቼ ነው፤ ያን ጊዜ የድንኳኑን ገመድ እንዳያስሩ እየጎተትኩ ነበር።

«ጂራ! አሉ! በሕይወት አሉ!» እላለሁ በሁለት ቋንቋ።

ሴቶቹ በሐዘኔታ አዩኝ። «ልጃቸው ናት እንዴ?» አለች አንዷ። ሌላዋ አቅፋኝ «እግዜር ያጥናሽ የኔ እህት» ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ጋሼ ተፈራ ራሳቸው ብቅ ሲሉ አንዲት ሴት የያዘችውን ሰፌድ ከነእህሉ ለቀቀችው። ከዚያ ጩኸት፣ መሳሳም፣ ተመስገን። አበቃ ብዬ ነበር። ግን ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተጥዶ፣ ሰው እንዴት ይበተናል? ተቀመጡ። በመንገድ የሚያልፈው ደግሞ ድንኳኑን ሲያይ ከሩቅ «ወየው!» እያለ ይገባል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ደህና ናቸው፣ ጤነኛ ናቸው» ባልኩ መጠን ልቅሶው ይብሳል።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። ዱላቸውን ተደግፈው እያለቀሱ ለመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ምን ይሆናሉ! ያውና ተቀምጠው ይሳደባሉ!» አልኳቸው። «ጠዋት ሲያንጓጥጡኝ ነው ያረፈዱት። ግትር! አንዲት ቁልፍ ለሰው የማያምኑ ችኮ ሰውዬ!»

የሽማግሌው ፊት በራ። «እውነትሽን ነው? እንዲያ ከሆነማ አለ!» ብለው ዕንባቸውን ጠረጉ። ሙት አይታማማ! ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ሁሉ በሩ ላይ ቆሜ ጋሼ ተፈራን ማማት ሆነ ሥራዬ። ስስታም ናቸው፣ ነዝናዛ ናቸው፣ ሲያንኮራፉ ቆርቆሮ ይነቅላሉ። የሰማ ሁሉ እየሳቀ ይገባል። ለደሞዝ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ የተሳካልኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከዳሪሙ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው አስከትለው ደረሱ። እሳቸው ሐሜት አላስፈለጋቸውም። ወንድማቸውን ሲያዩ ደረታቸው ላይ በቡጢ መቷቸውና «ስልክህን ምን ያዘጋሃል!» አሉ። ከዚያ አንገታቸውን አቅፈው አጠገባቸው አስቀመጧቸው፤ እጃቸውን እንደያዙ ቀሩ።

እውነተኛው አደጋ የመጣው ይሄኔ ነው። ገበሬዎች እሸት ቡናቸውን በአህያና በትከሻ ይዘው መግባት ጀመሩ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይግልና ይኮመጥጣል። ሞተሩን ደግሞ በእጅ መዘውር የሚያስነሱት ጋሼ ተፈራ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ሰው ከነካው ያኮርፋል ይላሉ። የሚያኮርፈው ሞተሩ ይሁን እሳቸው አልተጣራም። ገበሬዎቹ ድንኳኑንና የቆመውን ማሽን አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ጆንያውን መልሶ ትከሻው ላይ አደረገ። «አምናም እንዲሁ ነበር» አለ። «እኔ ነጋዴው ጋ እሄዳለሁ። የምትመጡ ኑ።»

ገመቹ ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ጣቱን አውጥቶ ቆሟል። በእሱና በጋሼ ተፈራ መካከል መላው ዳሪሙ ተቀምጧል።

«ጋሼን ጥሪልኝ» አለኝ።

«ሞተዋል።»

«ኧረ አሉ! ያውና ንፍሮ ይበላሉ!»

«ላንተ ሞተዋል ገመቹ።»

አየኝ። ጆንያ ያነሳውን ሰው አየ። ከዚያ እጀታውን ሰብስቦ ሄደ።

ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ጠፋ። ድንኳኑ ውስጥ የጋሼ ተፈራ ጆሮ ቀጥ አለ። ደግሞ አስነጠሰ፤ ጠፋ። ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«የት ልትሄድ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ናፍጣውን… አየር ገብቶበት ነው፣ እሱ አያውቅም…»

«አየር ይግባበት! ቁጭ በል!»

ተቀመጡ። ከዚያ ከወደ ማሽኑ አንድም ቀን ሰምተነው የማናውቀው ድምፅ መጣ። «ውሃውን ክፈት እኮ ነው የምልህ! ዓይንህ የት ነው? አንተ፣ ጆንያህን አውርድና ወረፋህን ያዝ!» ድንኳኑ በሙሉ ዞረ። ገመቹ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ለካ እንዲያ ረጅም ኖሯል። ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ያዘ። ውሃው ከልኩ በላይ ተከፍቶ ቀዩ ገለባ እስከ መንገዱ ፈሰሰ፤ ገመቹ እስከ ወገቡ በሰበሰ፤ አንድ አህያ ደንግጣ የድንኳኑን ገመድ ይዛ ሄደች። ቡናው ግን ተፈልፍሎ ከሚያድርበት ገንዳ ገባ። ነጋዴው ጋ የሄደ አልነበረም።

ጋሼ ተፈራ ንፍሯቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ሳይቀምሱት አዳመጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ገንዳው ሄዱ። እኔም ዕቅዱን ይዤ ተከተልኳቸው። ገመቹ ሲያያቸው መልሶ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ውሃው ትንሽ በዝቶ…»

«አይቻለሁ።»

እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ከተው ቡና ዘገኑ። በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ጣሉት። «ነገ ጠዋት ንካው። እንደ ጠጠር ሲሻክርህ ታጥበዋለህ» አሉት።

«እርስዎ ነዎት እንጂ የሚነኩት ጋሼ…»

አልመለሱለትም። ወደ እኔ ዞሩና «ጻፊ» አሉኝ።

«የማንን ስም?»

«አታውቂም እንዴ? ገመቹ ብለሽ ጻፊ። ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ጻፍኩ፤ ፈረሙ። ዕቅዱን ሊመልሱልኝ ዘርግተው ተዉትና ራቅ አድርገው ይዘው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ማህበሩ ያለኔ እንዴት እንደሚነሳ እዚህ ጽፋችኋል» አሉ። «እኔ ያለ ማህበሩ እንዴት እንደምነሳ የቱ ጋ ነው?»

ወረቀቱን አየሁት።

«ተፈራ!» ብለው ተጣሩ እትዬ ብርቄ ከድንኳኑ። «ና እንጂ፣ ምግብ ቀርቧል!»

ጋሼ ተፈራ ወረቀቱን ሰጡኝና እጃቸውን በኮታቸው ጠርገው ሄዱ። ዕቅዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መንገዱ ላይ የፈሰሰውን ገለባ ተሻግሬ መናኸሪያ ስደርስ፣ ረዳቱ «መቱ! መቱ! አንድ ሰው!» ይላል። ገባሁ።